በክረምት መናፈሻ ውስጥ ማስተማር፦ በመሐል አዲስ አበባ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች

በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚጥል፣ ተማሪዎችን መናፈሻ ውስጥ ሰብስቦ ማስተማር ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ዝናቡስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሐሳቡን ለመተው የሚያበቃ አይደለም፤ ሰዓት መምረጥን ነው የሚጠይቀው። በከተማችን የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ጠዋቱ ደመና ቢያጠላበትም ብዙ ጊዜ ለሥራ ይመቻል። እኔ ይህን የተማርሁት ከራሴ ስህተት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ትምህርቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እንዲጀምር አድርጌ ነበርና፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ መጨረሻው ያስተማርነው ሁለት ቀን ብቻ ሆነ፤ የቀረውን ጊዜ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠጋግተን ቆመን አሳለፍነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሠላሳ ያህል ልጆችን፣ በተለይም ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ያሉትን፣ ይዞ መሥራት ለሚፈልግ መምህር፣ የዕድር ኮሚቴ ወይም ለዕረፍት ወደ ቤቱ ለተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከዚህ በላይ ቁጥር ያለው ቡድን ለማስተናገድ የሚደረገው ዝግጅት የተለየ ስለሆነ እዚህ አይነሣም።

ምዝገባውና የቀኑ አከፋፈል

ልጆቹን መመዝገብ የሚገባው ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት፣ በሰኔ ወር፣ በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ማን የት እንዳለ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ገጠር ወዳለ ዘመድ ይላካል፤ ሌላው የሊስትሮ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወይም ሶፍትና ማስቲካ ይዞ ጎዳና ይወጣል፤ ሴቶቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እናታቸው ጉሊት ስትውል ቤትና ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። ለእነዚህ ልጆች ክረምት የዕረፍት ጊዜ ሳይሆን የሥራ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ሙሉ ቀን ይምጡ» የሚል መርሐ ግብር በጎ ቢመስልም፣ ቤተሰቡ ከልጁ የሚጠብቃትን ጥቂት ገቢ ስለሚያስቀር በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን ተማሪ ያሳጣል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጀምሮ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሚያበቃ ትምህርት ግን ዝናቡንም ይቀድማል፤ ለልጁም ከሰዓት በኋላውን ይተውለታል።

በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። እኔ ሰኞን፣ ማክሰኞንና ሐሙስን እመርጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም በመሆናቸው ምግብ ማዘጋጀትን ያወሳስባሉ፤ ዓርብ ደግሞ የሙስሊም ልጆች ለጁምዓ የሚዘጋጁበት ቀን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ በብዙ ቤት ሕፃናትም የሚጾሙት ጾም ስለሆነ፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ብዙ ልጆች ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደሚያሳልፉና ቁርስ እንደማይቀምሱ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ግድም፣ ወንዶቹን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ጅራፋቸውን እየገመዱ «ሆያ ሆዬ» ሊሉ ከቤት ቤት ይዞራሉና፣ በዚያ ሳምንት አዲስ ትምህርት ባይጀመር ይሻላል። (የሚሰበስቡትን ሳንቲም ቆጥረው፣ ለአባላቱ አከፋፍለው፣ የተረፈውን በክፍልፋይ ጽፈው እንዲያመጡ አንድ ጊዜ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር፤ ያን ያህል በጥንቃቄ የተሠራ የሒሳብ ሥራ ከዚያ በኋላ አላየሁም።)

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች የመሐል ከተማ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ስለተዛወሩ፣ አምና በእግሩ ይመጣ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ሁለት ታክሲ ሊያስፈልገው ይችላል። የትራንስፖርቱን ገንዘብ መክፈል ካልተቻለ፣ ልጁ በሚኖርበት አዲስ ሰፈር አቅራቢያ የሚሠራ ሌላ ቡድን ማፈላለግ ይሻላል፤ በየጠዋቱ «ዛሬስ ይመጣ ይሆን?» እያሉ መጠበቅ ለማንም አይበጅም።

ከወላጅ ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ነገር ግን ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ስለሚኖሩ ወረቀቱን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጮክ ብሎ ማንበብ ይገባል። በዚያው ጉብኝት የልጁን ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ በድንገት የሚጠራውን ሰው ስልክ፣ ልጁን ከቤተሰቡ ማን ሊወስደው እንደሚችል ይመዝግቡ። ልጆቹን «ችግረኞች» ብሎ መጥራት፣ ስም የተጻፈበት ቲሸርት ማልበስና ዳቦ ሲቀበሉ ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ለጋሽ ፎቶ ከጠየቀ የሠሩትን ደብተር ያሳዩት።

ቦታ መምረጥ

በመሐል ከተማ የሚያምር መናፈሻ አልጠፋም። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ ወዳጅነት ፓርክ ደግሞ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ለሕዝብ ተከፍተዋል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ የትግላችን ሐውልት የቆመበት የኢትዮ-ኩባ ወዳጅነት መናፈሻ አለ። ይሁን እንጂ ለማስተማር የሚመረጠው ቦታ ከሁሉ ይልቅ ያማረው ሳይሆን፣ ልጆቹ በሠላሳ ደቂቃ በእግራቸው የሚደርሱበት፣ መጸዳጃ ቤት ያለው፣ አፈሩን መንካት የማይከለከልበትና በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚደረስበት ጣሪያ ያለው ነው። በሚገባ የተከረከመ ሣርና በገመድ የታጠረ አበባ ለመዝናናት እንጂ ጉድጓድ ቆፍሮ አፈር ለመመርመር አይሆንም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የትምህርት ቤቱ የጀርባ ግቢ ወይም ፈቃድ ከተገኘ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ይበልጣል። የደብር ቅጥር ግቢዎች የቆዩ ጽዶችና ወይራዎች የሚገኙባቸው ቢሆንም፣ ቡድኑ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች ያሉበት ከሆነ ሁሉም እንደ ቤቱ የሚቆጥረውን ቦታ መምረጥ ይገባል።

ፈቃዱ በቃል አይበቃም። ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይያዝ፤ ደብዳቤው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የልጆቹን ቁጥርና የኃላፊውን ስም ይግለጽ፤ ለመናፈሻው አስተዳደር ከገባው ሌላ አንድ ቅጂ ሁልጊዜ በእጅ ይኑር። አንድ ጠዋት፣ ስሙን በማልጠቅሰው መናፈሻ በር ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ የፈቀደልንን ፈቃድ የተረኛው ጥበቃ ሳያውቅ ቀርቶ ሃያ ስድስት ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ አስፋልት ዳር ቆመዋል። ጥበቃው አላጠፋም፤ በእጄ ወረቀት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ሳምንት በየፈረቃው ያሉትን ጥበቃዎች በስም እየተዋወቅሁ እጀምራለሁ።

ረዳቶችን በሚመለከት፣ ለዐሥር ልጆች አንድ ዐዋቂ ያስፈልጋል፤ ማንም ዐዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ከሌሎች ዓይን አይሰወር። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየዓመቱ ወጣቶችን ስለሚያሰማራ ረዳት ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ነገር እስከ መጨረሻው ሳምንት ማቆየት ነው።

ቁርሱ

ትምህርት ቤት ላይ የሚሰጠው ምገባ ከትምህርት ቀናት ጋር የተያያዘ ነው። በትምህርት ቀን ቁርሱንም ምሳውንም ከዚያ ያገኝ የነበረ ልጅ ክረምት ላይ ባዶ ሆዱን ሊመጣ ይችላል፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ክፍልፋይ አይገባውም። ስለዚህ የበጀቱ ትልቁ ወጪ ደብተር ሳይሆን ዳቦ መሆን አለበት። ዳቦና ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ፣ በጾም ቀን ቆሎ ወይም ሙዝ ተጨምሮበት፣ ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ይቀርብ እንጂ ለመጨረሻ አይቆይ። ሻዩን ከአካባቢው ሻይ ቤት መግዛት የሻይ ሻጯንም ገበያ ይረዳል፤ በዝናብ ሰዓት ታዛዋንም ይከፍትላችኋል።

ምን ይማራሉ

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የክፍሉን ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሞ ወደ ሣር ላይ ማምጣት ልጆቹን በብርድ ከማስቀመጥ አያልፍም። ከዚያ ይልቅ በየጠዋቱ አንድ የሚለካ ነገር፣ አንድ የሚጻፍ ነገርና አንድ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር ይኑር። ልጆቹ ሁሉ ስስ ደብተር፣ እርሳስና በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ጨርቅ ይያዙ። እስክሪብቶ አያስፈልግም፤ እርጥበት በነካው ወረቀት ላይ እርሳስ ይጽፋል፤ እስክሪብቶ ግን ወረቀቱን ከመቅደድ በቀር አይሠራም።

የመጀመሪያው መሣሪያ የዝናብ መለኪያ ነው። ወገቡ ያልጎበጠና ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ከትከሻው በታች ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አናት ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይገባበታል፤ ታችኛው ክፍል ጎድጓዳ ስለሆነ ጠጠር ተጨምሮበት ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሞላል፤ እዚያ ላይ ዜሮ ተብሎ ምልክት ይደረግና ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ይሰመርበታል። ንፋስ እንዳይጥለው በሦስት ድንጋይ መካከል ይቆማል። በየጠዋቱ ተረኛው ልጅ ሌሊቱን የጣለውን ያነብባል፤ ይመዘግባል፤ ውኃውን እስከ ዜሮው ምልክት ያጎድለዋል። አሁን ሒሳቡ ይመጣል፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ቤቱ አራት በአምስት ሜትር የሆነ ልጅ የቆርቆሮ ጣሪያው ሃያ ካሬ ሜትር መሆኑን ያገኛል፤ ሌሊቱን 15 ሚሊ ሜትር ከጣለ 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ከጣሪያው ላይ ፈስሶ ቦይ ገብቷል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር፣ ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ ልጅ ይህ ቁጥር የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ አይደለም። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ውጤቱን ሁለት ጊዜ ካሰላች በኋላ ቀና ብላ፣ «እማዬ ትናንት ሦስት ጀሪካን ለማግኘት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታለች» አለችኝ፤ በማግስቱ የቤታቸውን ጣሪያ በእርምጃ ለክታ መጣች።

ሁለተኛው የዛፍ ቁመት መለካት ነው። በጥላ የሚለካው ዘዴ ፀሐይ ስለሚፈልግ በክረምት አይታመንም። በእሱ ፋንታ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ከጥግ ወደ ጥግ ይታጠፍና ሁለት እኩል ጎን ያለው ባለ ቀጥታ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ልጁ አንዱን አጭር ጎን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጎ ወረቀቱን ከዓይኑ አጠገብ ይይዛል፤ በረጅሙ ጎን በኩል አሻቅቦ እያየ የዛፉ ጫፍ በዚያ መስመር ላይ እስኪያርፍ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ከዛፉ ግንድ ያለው ርቀትና ከዓይኑ በላይ ያለው የዛፉ ቁመት እኩል ናቸው፤ ከመሬት እስከ ዓይኑ ያለውን ሲጨምርበት መልሱን ያገኛል። ርቀቱ 14 ሜትር፣ የልጁ የዓይን ከፍታ 1.20 ሜትር ከሆነ ዛፉ 15.20 ሜትር ነው። አንዱን ዛፍ አምስት ቡድን ሲለካው አምስት የተለያየ መልስ ይመጣል፤ አማካኝን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ በር የለም።

ሦስተኛው ቅጠል ማንበብ ነው፤ ቋንቋም የሚገባው እዚህ ነው። የወይራ ቅጠል ላዩ አብረቅራቂ አረንጓዴ፣ ሥሩ ወደ ቡናማ ያደላ ነው፤ ብሳና ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል፤ ጽድ እንደ ቅርፊት የተደራረበ ደቃቅ ቅጠል ሲኖረው፣ ብዙዎች ከእሱ ጋር የሚያምታቱት ዝግባ ቀጭንና ረዘም ያለ ቅጠል አለው። ልጆቹ አንድ ቅጠል ሳይመለከቱ በጣታቸው ብቻ ዳስሰው አምስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ጓደኛቸው ጽሑፉን አንብቦ ከተደረደሩት ቅጠሎች መካከል ያንን ይፈልጋል። ጽሑፉ ግልጽ ካልሆነ ቅጠሉ አይገኝም፤ መምህሩ በቀይ እርሳስ ማስመር አያስፈልገውም። ባሕር ዛፍ ላይ ሲደርሱ ታሪክ ይግባ፦ ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው አዲሲቱ ከተማ ማገዶ ባጠራት ጊዜ ነበር። ጠዋት እየጮኸች የምታልፈው፣ ረጅምና ጎባጣ ምንቃር ያላት ጥቁር ቡናማ ወፍም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የምትኖር መሆኗን ሲሰሙ ልጆቹ እስከዚያ ቀን ያላዩዋት ያህል ይመለከቷታል።

የማንበብ ችግር ያለባቸው ልጆች በየቡድኑ ይኖራሉ፤ በስድስተኛ ክፍል ሆነው ፊደል የሚቆጥሩ አጋጥመውኛል። እነዚህን ለይቶ ማስቀመጥ አይገባም። በረጠበ አፈር ላይ በእንጨት ፊደል መጻፍ ለትንንሾቹ ጨዋታ ስለሚመስል ትልቁም ሳያፍር ይቀላቀላል፤ ረዳቱ ከዚያ ልጅ ጋር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በየጠዋቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያንብብ። ወሩን ሙሉ ሳይቋረጥ ከተደረገ ለውጡ ይታያል።

ከመናፈሻው ወጣ ማለትም ይቻላል። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት የ1929ኙን ጭፍጨፋ፣ አራት ኪሎ ያለው የሚያዝያ 27 ሐውልት የ1933ቱን ድል የሚያስታውሱ ሲሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ራሱ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። በመንገድ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ እዚያ መግባት ከተፈለገ ግን የመግቢያውን ጉዳይ ቀድሞ ጨርሶ እንጂ ልጆቹን በር ላይ አቁሞ መደራደር አይገባም።

ዝናብና አደጋ

ካፊያ ትምህርት አያቋርጥም፤ ዶፍ ያቋርጣል፤ ነጎድጓድ ደግሞ ያለ ክርክር ያቋርጣል። መብረቅ ከታየበት ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያሉት ሰከንዶች ይቆጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ከሠላሳ በታች ከሆነ ሁሉም ወደ ቤት ውስጥ ይገባል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላም አይወጣም። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የተከለከለ መሆኑን ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን በቃላቸው ይወቁት።

መጠለያው አስቀድሞ በደብዳቤ የተያዘ ይሁን። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአካባቢው ቅርብ ቢሆንም፣ ጭቃ የረገጡ ሠላሳ ልጆችን ሳያሳውቁ ይዞ መግባት ለሌላው አንባቢ አይበጅም፤ የቅርብ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ከእሱ ይልቅ ይመቻል። ከቀበናም ሆነ ከግንፍሌ፣ ከማንኛውም ወንዝ ዳር ትምህርት አይደረግ፤ ውኃው የተበከለ ነው፤ ላይ እንጦጦ ሲዘንብ ታች ፀሐይ እያለም በድንገት ሊሞላ ይችላል።

ጫማ ሌላው ጉዳይ ነው። ኮንጎ ጫማ ለጭቃው ይሆናል፤ ነገር ግን እግር ስለሚያበርድ በቦርሳ ተጨማሪ ካልሲ መያዝ ይገባል። የረጠበ ልጅ እንዲደርቅ ሁለት ጋቢ በረዳቱ እጅ ይኑር።

የጥላው ትምህርት

አንድ ትምህርት ክረምቱን ሁሉ ያያይዛል። በየሳምንቱ ሐሙስ ብቻ ልጆቹ እስከ ሰባት ሰዓት ይቆዩና፣ አንድ ሜትር የሆነ ዱላ ቀጥ ብሎ ይተከላል። በአዲስ አበባ ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ የምትሆነው በሰዓታችን ስድስት ላይ ሳይሆን ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ደመናው በተገለጠበት ቅጽበት የጥላው ርዝመትና አቅጣጫ ይለካል። በሐምሌ አጋማሽ ጥላው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሚወድቀውም ወደ ደቡብ፣ ወደ ለገሃር በኩል ነው፤ ምክንያቱም በክረምት ፀሐይ ከራሳችን በስተ ሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ታልፋለች። ነሐሴ ሲገባ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በነሐሴ አጋማሽ ወደ አምስት ይወርዳል። ልጆቹ ቁጥሮቹን በግራፍ ካስቀመጡ በኋላ መስመሩን በእርሳስ ወደ ፊት እየሳቡ ጥላው የሚጠፋበትን ቀን ራሳቸው እንዲገምቱ ይጠየቁ፤ ማንም አይንገራቸው። ቀኑ ነሐሴ 24 ግድም ነው። የመጨረሻው ስብሰባ ያኔ ይደረግ፤ ደመና ቢጋርደው በማግስቱ ይደገም፤ በአንድና በሁለት ቀን ልዩነት የሚመጣው ጥላ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወላጆች የሚጠሩትም፣ ደብተሮቹ ለክፍል መምህራን የሚተላለፉትም በዚያው ቀን ሲሆን፣ ዱላውን የሚተክለው ልጅ ከሳምንት በፊት በዕጣ ይለይ።